በእህል ዘር ውስጥ ስላለው ስውር ጽሕፈትና አንዲት ፊደል ስትለወጥ ስለሚሆነው ነገር

የእርሻ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆመው በዘር ነው። መሬቱ የለማ፥ ዝናሙም በጊዜው የሚዘንብ፥ በሬውም ብርቱ ቢሆን፥ ዘሩ ደካማ የሆነ እንደ ሆነ የዓመቱ ድካም ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ነገር ግን አምና የታመነው ዘር ዘንድሮ በድንገት ስለምን እንደሚከዳ፥ ደግሞም ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው በደጋ ማሳ ጥግ የቀረ የአገር ገብስ ስለምን አንድ ቀን የባሕር ማዶ ሰዎችን እርሻ እንደሚያድን የሚያስረዳው ትምህርት ለብዙ ሰው ገና አልደረሰም። አገር የሚያስተዳድሩ፥ ወረዳ የሚጠብቁ፥ ሰፊ እርሻም ያላቸው ሰዎች የትኛው ዘር ይዘራ፥ የትኛው ይቅር በሚለው ነገር ላይ ቃላቸው የሚሰማ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ቢያውቁት ፍርዳቸው የቀና ይሆናል።

በመጀመሪያ በአርሲና በባሌ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ በኢትዮጵያ የስንዴ አገሮች ላይ በተነሣ ጊዜ፥ ገበሬው አብዝቶ ይዘራቸው የነበሩት ኩብሳና ገላማ የተባሉት ዘሮች ክፉኛ ተጎዱ። ዲገሉ የተባለው ዘር ግን ቢጫውን ዋግ ስለ ቻለው፥ ደግሞም በ1998 በኡጋንዳ ተገኝቶ ብዙ አገር ያስጨነቀውን ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግ የሚቋቋም ስለ ሆነ፥ ሰው ሁሉ ወደ እርሱ አዘነበለ። ዘር አከፋፋዩም፥ የእርሻ ባለሙያውም፥ ገበሬውም በአንድ ሐሳብ ተባበሩ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ በአገሪቱ ከሁሉ ይልቅ የሚዘራው ስንዴ ዲገሉ ሆነ። ያን ጊዜ ይህን የነቀፈ ሰው ቢኖር ኖሮ እንደ ሥራ ፈት ይቆጠር ነበር።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መግቢያ ላይ የግንድ ዋግ መጣ። የመጣውም ሲፈራ የኖረው ዩጂ 99 አልነበረም፤ ትውልዱ ከእርሱ የተለየ ሌላ የዋግ ወገን ነበር እንጂ። በደቡቡ አገር በተመታው የዲገሉ ማሳ ላይ የጠፋው ምርት ወደ 100 በመቶ የተጠጋ ሆነ። የግንድ ዋግ አገዳውን እንደ ዛገ ብረት አድርጎ ይልጠዋል፤ ወደ ፍሬው ሊወጣ የሚገባውን ምግብና ውኃ በመንገድ ላይ ይቀማዋል። እንዲህ የተመታ ስንዴ ከሩቅ ሲያዩት ራሱን ይዞ ቆሞ ይታያል፤ በእጅ ሲያሹት ግን የሚወጣው የተጨማደደ ፍሬና ዕብቅ ነው።

ዲገሉ የተሸነፈው ዘሩ በጎተራ ስለ ተበላሸ ወይም ገበሬው ስለ ሰነፈ አልነበረም። ዘሩ አምና የነበረው ያው ዘር ነው። እንዲህ ባለ ስንዴ ውስጥ ያለው ጠባቂ ጠላቱን የሚለየው በመልኩ ነው፤ አንድ የሚያውቀው መልክ ሲያይ ዕቃ ጦሩን ያነሣል፥ የማያውቀው ሲመጣ ግን ዝም ብሎ ያሳልፋል። የዋጉም መልክ የሚለወጠው በዋጉ ውስጥ ባለው የዘር ጽሕፈት ላይ ጥቂት ነገር ሲለወጥ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ትንሽ ለውጥ የሚያመጣውን ትልቅ ነገር፥ ማሳው ሳይጠፋ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን?

ይህን ለመረዳት ጽሕፈቱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ፥ በሰውም፥ በከብትም፥ በእህልም፥ በሻጋታም ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ጽሕፈት አለ፤ ሊቃውንት ዲ ኤን ኤ ብለው ይጠሩታል። የሚጻፈው በአራት ፊደላት ብቻ ነው። ሦስት ሦስቱ ፊደላት አንድ ቃል ስለሚሆኑ ሊጻፉ የሚቻሉት ቃላት 64 ናቸው፤ ከእነዚህ 61ዱ ፕሮቲን የሚገነባባቸውን 20 ዓይነት ጡቦች በስም ይጠራሉ፥ የቀሩት 3ቱ ግን «እዚህ ላይ ቁም» የሚሉ ናቸው። አንድን ሥራ የሚያዝዘው የጽሕፈት ክፍል ጂን ይባላል። ፊደላቱ አራት ብቻ በመሆናቸው መጽሐፉ ትንሽ አይምሰል። የገብስ ጽሕፈት 5 ቢሊዮን ያህል፥ የዳቦ ስንዴም ጽሕፈት 16 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፤ ይህም ሁሉ በዓይን በማትታይ በአንዲት የቅጠል ቅንጣት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ተክሉ ባደገና በተዋለደ ቁጥር ይህ ጽሕፈት ይገለበጣል። የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ ያየ ሰው የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም። ጸሐፊው የቱን ያህል የተማረ ቢሆን፥ ዓይኑ ሲደክም ወይም መብራቱ ሲያንስ አንዳንድ ፊደል መሳቱ አይቀርም። ስሕተቱም ሁሉ እኩል አይደለም። በአማርኛ ደብዳቤ «ሰላም» በሚለው ፈንታ «ሠላም» ብሎ የጻፈ ሰው ቢኖር አንባቢው ሳይደናቀፍ ያልፈዋል። በግዕዝ ግን «ሠረቀ» ማለት ወጣ፥ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ያው የሌባ ሥራ ነው፤ «ሰአለ» ለመነ ማለት ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ነው። በአንዲት ወይም በሁለት ፊደል ለውጥ ለማኙ ሠዓሊ፥ ፀሐይም ሌባ ሆና ትገኛለች። ከዚህም የከፋ አለ፤ ጸሐፊው በዓረፍተ ነገሩ መካከል በስሕተት አራት ነጥብ ቢያኖር ንባቡ እዚያው ይቆረጣል፥ ከዚያ ወዲያ ያለው ትእዛዝ አይሰማም።

በዘርም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። የፊደል ለውጡ ሙቴሽን ይባላል። ብዙው ለውጥ ምንም አያደርግም፤ ሁለት የተለያዩ ቃላት አንድ ጡብ የሚጠሩበት ጊዜ ስላለ፥ ወይም ለውጡ ትእዛዝ በሌለበት ስፍራ ላይ ስለሚወድቅ ነው። ጥቂቱ ይጎዳል። ከጥቂቱም እጅግ ጥቂቱ ለገበሬው የሚጠቅም ሆኖ ይገኛል። ሦስቱም ግን ሲጻፉ አንድ ናቸው፤ በፊደሉ መልክ ብቻ ጎጂውን ከማይጎዳው መለየት አይቻልም።

ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ተፈጥሮ ራሷ እስክትስት ይጠብቁ ነበር። በ1927 አሜሪካዊው ሊቅ ኸርማን ሙለር የራጅ ጨረር የዝንብን ውርስ እንደሚለውጥ አስረዱ፤ በዓመቱም በ1928 ሉዊስ ስታድለር በገብስ ላይ ያንኑ አሳዩ። ከዚህ በኋላ በጨረርና በመድኃኒት ብዙ ሺህ ዓይነት ለውጥ ማምጣት ቀላል ሆነ። ነገር ግን ጨረር ሲመታ የትኛውን ፊደል እንደሚመታ አያውቅም። ከሺህ የተለወጠ ተክል የሚበልጠው ሕመምተኛ ነው፤ የሚጠቅመውን ለማግኘት ሁሉን መዝራት፥ ሁሉን ማረም፥ ሁሉን በየዓመቱ መመልከት ያስፈልጋል። ይህም ገንዘብና መሬት፥ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ዕድሜ ይጠይቃል። የአንድ የለውጥ ፊደል ውጤት ሳይዘሩ አስቀድሞ መገመት ቢቻል ግን ከሺህ ውስጥ ሃምሳውን መርጦ መዝራት ይበቃል።

የግምቱም ጥበብ ከብራና ሊቅ ጥበብ ጋር አንድ ነው። አንድ መምህር ከብዙ ገዳማት የመጡ የአንድ መጽሐፍ ቅጂዎችን ሰብስቦ ጎን ለጎን ቢያያቸው፥ በአንዳንዱ ቃል ላይ ቅጂዎቹ እንደየጸሐፊው ሲለያዩ፥ በሌላው ቃል ላይ ግን ሁሉም ያለ ልዩነት ሲስማሙ ያገኛል። የሚለያዩበት ስፍራ ቢሳትም ነገሩን የማያፈርስ ነው፤ ሁሉ የሚስማሙበት ስፍራ ግን የሳተ ቅጂ ሁሉ እየተጣለ የቀናው ብቻ የቀረበት ነው። እንዲሁም አንድን ጂን ከገብስ፥ ከስንዴ፥ ከሩዝ፥ ከማሽላ፥ ከአረምም ወስደው ቢያስተያዩት፥ በሁሉ ዘንድ ሳይለወጥ የቆየው ፊደል እንዳይነካ የሚያስፈራ ፊደል መሆኑ ይታወቃል። በ2001 ፓውሊን ንግና ስቲቨን ሄኒኮፍ በዚህ መንገድ የሚገምት የኮምፒዩተር ስሌት ለሕዝብ አወጡ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ዓይነት ስሌት ተከተለ።

ሌላው መንገድ የፕሮቲኑን ቅርጽ መመልከት ነው። ጡቡ የቤቱ ማዕዘን ከሆነ መለወጡ ቤቱን ያናጋዋል፤ በውጭ ግድግዳ ላይ ያለ ከሆነ ግን ላያስታውቅ ይችላል። አልፋፎልድ የተባለው ስሌት የፕሮቲንን ቅርጽ ከጽሕፈቱ ብቻ ለመገመት ስለ ቻለ፥ የሠሩት ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው መሠረት ላይ በ2023 የወጣው አልፋሚስሴንስ የተባለው ስሌት በሰው ጽሕፈት ላይ ሊደርሱ የሚችሉትን 71 ሚሊዮን ነጠላ የጡብ ለውጦች መርምሮ፥ 57 በመቶው የማይጎዱ፥ 32 በመቶው የሚጎዱ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገመተ፤ የቀረውን 11 በመቶ ግን መፍረድ እንዳልቻለ ሳይሸሽግ አሳወቀ። ከእነዚህ ሁሉ ለውጦች ሰው በእጁ መርምሮ ያረጋገጠው ከ1,000 አንድ ያህል ብቻ ስለ ነበረ የሥራው ትልቅነት ይታያል። ይህ የተደረገው ለሕክምና ነው። ለእህል የሚደረገው ምርመራ ከዚህ ወደ ኋላ የቀረ ቢሆንም በዚያው መንገድ እየተጓዘ ነው።

ጤፍን እንደ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ጤፍ አገዳው ቀጭን ስለ ሆነ፥ ፍሬ ሲይዝና ነፋስ ወይም ኃይለኛ ዝናም ሲመታው ይጋሽባል፤ የጋሸበም ጤፍ ፍሬው ይበሰብሳል፥ ለአጫጁም ያስቸግራል። ማዳበሪያ በጨመሩለት ቁጥር መጋሸቡ ይብሳል። በስዊስ አገር በበርን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በመድኃኒት ከተለወጡ የጤፍ ዘሮች መካከል ቁመቱ ያጠረና መጋሸብን የሚቋቋም አንድ ተክል አገኙ። ታችኛው አካሉ ወደ ቀኝ የሚጠመዘዝ ስለ ሆነም «ቀኜ» ብለው በአማርኛ ሰየሙት። ከዚህ ቀደም በሩዝ ላይ እንዲህ ያለ ያጠረና የተጠማዘዘ ተክል ታውቆ፥ ምክንያቱም አልፋ ቱቡሊን በተባለው ጂን ውስጥ የደረሰ ለውጥ መሆኑ ተጽፎ ነበርና፥ በጤፉም ያንኑ ጂን ቢመረምሩ ለውጡን በዚያው አገኙት። ሥራቸው በ2015 ታትሟል። በአንድ እህል የተነበበው ለሌላው እህል እንዴት እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል፤ የሩዙን ነገር የሚያውቅ ሰው የጤፉን ጽሕፈት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አላስፈለገውም።

ነገር ግን ግምት ሁሉ እንዲህ አይሰምርም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ታሪክ የገብሱ ነው፤ ገብሱም የኢትዮጵያ ነው።

ገብስን ከሚጎዱት በሽታዎች አንዱ ቅጠሉን ነጭ ዱቄት እንደ ተነሰነሰበት የሚያስመስለው ሻጋታ ነው። በቀዝቃዛውና በእርጥቡ የአውሮፓ አገር ይህ ሻጋታ ብዙ ጥፋት ሲያደርስ ኖሯል። የገብስ አራቢዎች አንድ ጠባቂ ጂን በጨመሩ ቁጥር ሻጋታው በጥቂት ዓመት ውስጥ መልኩን ለውጦ ያልፈው ነበር፤ ልክ በኋላ በዲገሉ ላይ እንደ ደረሰው ማለት ነው። በ1942 ፍራይስሌቤንና ላይን የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት የገብስ ዘር በራጅ ጨረር መትተው ሲዘሩ፥ ሻጋታው ፈጽሞ የማይዘው አንድ ተክል አገኙ። የተለወጠው ጂን ኤም ኤል ኦ ይባላል። ተክሉ አዲስ ጠባቂ አላገኘም፤ የነበረውን ነገር አጣ እንጂ። ጤነኛው ጂን የሚሠራው ፕሮቲን በቅጠሉ ቅንጣት ቆዳ ላይ የሚቀመጥ ሲሆን፥ ሻጋታው ወደ ውስጥ ለመግባት የሚጠቀምበት ነው። ይህ ሲጎድል ሻጋታው ቅጥሩን መስበር ያቅተዋል፥ በደጅ ይቀራል። ጠላት መልኩን ቢለውጥም የሚያሳልፈው ዘበኛ የለም፤ በሩ ራሱ ተነቅሏልና።

እንግዲህ የዛሬ ስሌት ያን ጊዜ ኖሮ ይህን ለውጥ ቢያሳዩት ኖሮ ምን ብሎ ይፈርድ ነበር? ጂኑ ተሰብሯልና ጎጂ ነው ባለ ነበር። ፍርዱም በግማሹ እውነት ነው። በሩ የተነቀለበት ገብስ ሻጋታ ሳይነካው እንኳ በቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ በመጀመሪያ ጊዜ ምርቱም የቀነሰ ነበር። በምርመራ ቤት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሻጋታ፥ ይኸውም የሩዝ በሽታ የሆነው፥ እንዲህ ያለውን ገብስ አብልጦ እንደሚያጠቃ ታይቷል። ስለዚህ የተገኘው ዘር ለብዙ ዓመት ሳይሠራበት ቆየ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ያው ለውጥ በኢትዮጵያ ማሳ ላይ ያለ ጨረር፥ ያለ ሊቅ፥ በራሱ ደርሶ በሰላም ይኖር ነበር። በ1937ና በ1938፥ አገሪቱ በጠላት እጅ ባለችበት ጊዜ፥ ከኢትዮጵያ የገብስ ማሳ ከተሰበሰቡት ዘሮች መካከል በኋላ ኤል 92 እና ኤል 100 የተባሉት ሁለቱ ሻጋታው የማይዛቸው ሆነው ተገኙ። ሲመረመሩም በእነርሱ ዘንድ የጎደለው ያው የኤም ኤል ኦ ሥራ ነው። አራቢዎቹ ይህን ወስደው ከአውሮፓ ገብስ ጋር ብዙ ጊዜ እያዳቀሉ፥ ነጠብጣቡና የምርት ጉድለቱ የሚያንስበትን መርጠው፥ በ1979 አቴም የተባለውን ዘር ለገበሬ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ በጸደይ የሚዘራው ገብስ፥ ለቢራ ብቅል የሚሆነው ጭምር፥ በብዙው ይህን የኢትዮጵያ ቅርስ በውስጡ የያዘ ሆነ። ሌላው ጠባቂ ሁሉ በጥቂት ዓመት ሲሸነፍ ይህ ከ40 ዓመት በላይ ቆሟል። ያን ገብስ ለዘመናት እየመረጠ ያቆየው የደጋ ገበሬ ስሙ በየትም አልተጻፈም፤ ዋጋም አልተከፈለውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቆይቶ የታወቀው ነው። የኤም ኤል ኦ ጂን በ1997 ተነበበ። በጀርመን በጨረር የተለወጡትን ዘሮች ሲያነቡ ስሕተቱ በጂኑ ውስጥ ፊት ለፊት ተገኘ። የኢትዮጵያውን ገብስ ባነበቡት ጊዜ ግን ጂኑ ራሱ አንዲት ፊደል ሳትጎድልበት ደኅና ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ በ2004 ታተመ፤ ከጂኑ ፊት ያልተሟሉ የዚያው ጂን ቅጂዎች በተከታታይ ተደጋግመው ቆመው ነበርና፥ አንባቢው በእነርሱ እየተደናቀፈ እውነተኛው ትእዛዝ እንዳይሰማ ያደርጉ ነበር። ደንቆሮ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ገጽ ግማሹን እየደጋገመ እንደ ጻፈበት መጽሐፍ ማለት ነው፤ ዋናው ምዕራፍ ሳይነካ አለ፥ ነገር ግን የሚደርስበት የለም። የጂኑን ፊደል ብቻ የሚመረምር ስሌት ይህን ገብስ ቢያይ «ምንም ለውጥ የለበትም» ብሎ ያልፈው ነበር። ዕውቀቱ የተገኘው አስቀድሞ ገብሱ በማሳ ላይ ስለ ታየ፥ ዘሩም ስለ ተጠበቀ ነው እንጂ በስሌት አልነበረም።

ስንዴውም ይህንኑ ያጸናል። የዳቦ ስንዴ የሦስት እህሎች ውላጅ ስለ ሆነ እያንዳንዱን ጂን በሦስት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱ ቢሳት ሁለቱ ይሸፍኑታል። ስለዚህ ገብሱ ያገኘውን ጥቅም ስንዴው በተፈጥሮ ሊያገኝ አልቻለም። በ2014 የቻይና ሊቃውንት በታወቀ ስፍራ ላይ ጽሕፈቱን በሚቆርጥ አዲስ ጥበብ የስንዴውን ሦስቱንም የኤም ኤል ኦ ቅጂዎች ሰበሩ፤ ከገብሱ እንደ ተገመተውም ሻጋታው ስንዴውን አልያዘውም። ስንዴው ግን ዕድገቱ ተጎዳ። ይህም ከገብሱ የተገመተ ነበር። ሆኖም ከተሠሩት ተክሎች አንዱ በሽታውንም ተቋቁሞ በደኅና ሲያድግ ታየ። ስለምን እንደ ሆነ በ2022 ታወቀ፤ በዚህ ተክል ጽሕፈት ውስጥ 304 ሺህ ያህል ፊደላት ተቆርጠው ወጥተው ነበርና፥ መቆረጡ በአጠገቡ ያለውን ስኳር የሚያመላልስ ጂን አነቃው፥ እርሱም ዕድገቱን መለሰለት። ይህን ያህል ብራና ተቀዶ መጽሐፉ የተሻለ ይሆናል ብሎ የገመተ ማንም አልነበረም።

ስለዚህ የግምትን ጥበብ የሚያመሰግን ሰው ልኩንም ይወቅ። ስሌቱ ጥሩ አድርጎ የሚመልሰው ጥያቄ «ይህ ለውጥ የጂኑን ሥራ ያበላሻልን?» የሚለውን ነው። ገበሬው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ «ይህ ዘር በእኔ መሬት፥ በእኔ ዝናም፥ በእኔ በሽታ መካከል ይበጀኛልን?» ይላል። በአንድ አገር ጉዳት የሆነው በሌላው አገር መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ አዲስ ነገር ወዳድ ሰዎች ከእንግዲህ ስሌቱ ስላለ የሙከራ ማሳ አያስፈልግም፥ የአገር ዘርም ቢጠፋ በኮምፒዩተር ይመለሳል ሲሉ ይሰማሉ። የገብሱ ታሪክ ይህን ነገር ከንቱ ያደርገዋል።

በዋጉ በኩል ደግሞ የግምቱ ጥቅም ቅርብ ነው። በ2017 ሁለት የሊቃውንት ጉባኤዎች፥ የግንድ ዋግ ኤስ አር 35 እና ኤስ አር 50 የተባሉት የስንዴ ጠባቂዎች ፊት የሚታወቅባቸውን የዋጉን ሁለት ጂኖች ለይተው አሳተሙ። እነዚህ ጂኖች በዋጉ ዘንድ ሲጠፉ ወይም ሲለወጡ ጠባቂው እንደሚታለል ተረጋገጠ። እንግዲህ ከማሳ የተለቀመውን የዋግ ናሙና ጽሕፈት የሚያነብ ሰው፥ የትኛው ስንዴ ሊከዳ እንደ ተቃረበ ስንዴው ሳይመታ ሊናገር የሚችልበት መንገድ ተከፍቷል። ገና የታወቁት የዋጉ ጂኖች ጥቂት ናቸው፤ ዲገሉን የመሰለ ነገር ሁሉ በዚህ ይቀራል ማለትም አይቻልም። ነገር ግን ስሌቱም ሆነ ሊቁ ናሙና ካልደረሰው ዕውር ነው፤ ናሙና የሚደርሰውም ወረዳው ሲተጋ ብቻ ነው።

የአገር ዘርን በሚመለከት፥ የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ዞረው ሲመለከቱ በገብሷና በስንዴዋ ብዛት ዓይነት ተደንቀው ነበር። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ማከማቻ፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚያስተዳድረው፥ ከየአገሩ የተሰበሰበ ዘር በቅዝቃዜ ያስቀምጣል። ይህ እጅግ መልካም ነው፤ ሆኖም በቅዝቃዜ ያለ ዘር ዝናም አያይም፥ በሽታም አይፈትነውም፥ ስለዚህ አዲስ ነገር አይማርም። በገበሬው ማሳ ላይ ያለው የአገር ዘር ግን በየዓመቱ ይገለበጣል፥ በየዓመቱም ይፈተናል። ደግሞ የአገር ዘር ማሳ የብዙ ዓይነት ተክል ድብልቅ ስለ ሆነ፥ አንድ በሽታ ቢመጣ የሚመታውም የሚያመልጠውም በአንድ ማሳ ላይ አብረው ይገኛሉ። የተሻለው ዘር ምርቱ ብዙ መሆኑ እውነት ነው፤ እርሱን የሚከለክል ምክር አይገባም። የሚገባው አንድ ዘር ብቻ ወረዳውን ሁሉ እንዳይሸፍን መጠበቅ፥ ከእያንዳንዱም ቀበሌ ጥቂት ገበሬዎች የአባቶቻቸውን ዘር በአንድ ጥግ መዝራታቸውን እንዳይተዉ ማበረታታት ነው። ለዚህ የሚውለው መሬት በዲገሉ ዓመት ከጠፋው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

በአገዳው ላይ ዝገት የሚመስል ነገር በታየ ጊዜ፥ ይልቁንም ዋግ አይዘውም በተባለ ዘር ላይ በታየ ጊዜ፥ መከሩ እስኪደርስ መጠበቅ አይገባም። በሽታው ያለበት የአገዳው ክፍል አንድ ጣት በሚያህል ርዝመት እየተቆረጠ፥ በጥላ ደርቆ፥ በወረቀት ፖስታ ተደርጎ ለቅርቡ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይላክ፤ የግንድ ዋግን ወገን የሚለየው ምርመራ የሚደረገው በአምቦ ነው። ደግሞ በበሽታ ዓመት በታመመ ማሳ መካከል ብቻውን ጤነኛ ሆኖ የቆመ ተክል፥ ወይም ሁሉ ሲጋሽብ ያልጋሸበ ቢገኝ፥ እንደ እንግዳ ነገር አይነቀል፤ በክር ምልክት ተደርጎበት ይቆይና ለብቻው ይታጨድ፥ ፍሬውም ከሌላው ጋር በአውድማ አይደባለቅ። ከናሙናው ጋር ቀኑ፥ የቀበሌው ስም፥ ቦታው ደጋ ወይም ወይና ደጋ መሆኑ፥ በአጠገቡ የተዘራው ዘር ምን እንደ ሆነ ይጻፍ። ዘሩን ገበሬው በምን ስም እንደሚጠራውም ሳይታረምና ሳይለወጥ እርሱ እንደ ተናገረው ይመዝገብ፤ አንድ ዘር ከወንዝ ማዶ ሌላ ስም ይኖረዋልና። ፍሬው በጨርቅ ወይም በወረቀት ከረጢት ይደረግ እንጂ በቆርቆሮና በፕላስቲክ አይታሸግ፤ እርጥበት ይዞ በመንገድ ላይ ይሻግታል።